ጥላ ወደ ፀሐይ እንዲወድቅ ላዘዙት ለክቡር የሥዕል ኢንስፔክተር

ተበላ፣ ግንቦት 1958 ዓ.ም.

ለክቡር የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት ኢንስፔክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተ ሰብዎን ደኅንነት፣ ከውጭ አገር ይዘውት የመጡትንም ባርኔጣ ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደዚህች ተበላ ከወረድሁ ወዲህ፣ ወባ እየተመላለሰች ከምትጠይቀኝ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በዝውውሬ ትእዛዝ ላይ «ለጤናው ተስማሚ ወደ ሆነ ሥፍራ» የሚል ቃል በገዛ እጅዎ ጨምረውልኛል። ብርድ ብርድ ባለኝ ቁጥር፣ ጋቢ በጋቢ ደርቤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ እንዲህ አድርጎ ለጤናዬ ያሰበልኝ ሌላ ሰው እንደሌለ ለባለቤቴ እነግራታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ክቡርነትዎን ለማሳፈር እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። በፖስታ የላክኋቸው ሁሉ መልስ ስላላገኙ፣ ብዙ ሰው ካነበበው ምናልባት ከአንባቢዎቹ አንዱ ለእርስዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው። ስምዎንም ያላሰፈርሁት በአክብሮት ነው፤ ሶዶ ውስጥ የሚያውቁዎት ሳይነገራቸው ያውቃሉ፣ የማያውቁዎት ደግሞ ዕድለኞች ናቸውና ዕድላቸውን ላበላሽባቸው አልሻም። ለእነዚህ ዕድለኞች ስል ነገሩን ከመጀመሪያው እተርካለሁ፤ ክቡርነትዎ የሚያውቁትን እየዘለሉ ያንብቡ።

እኔ ደገፉ ቦልቴ የሥዕል መምህር ነኝ። እስከዚህ ዓመት ታኅሣሥ ድረስ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን በሚሠለጥኑበት ቤት አስተምር ነበር። የማስተምርበትን መንገድ የተማረ ሰው አልፈለሰፈውም፤ ከድህነታችን የመጣ ነው። ወረቀት ስለሚያጥረን፣ ያችኑም የሸቀጥ ነጋዴው አቶ ከድር ከጨርቅ ጣቃ ላይ እየፈቱ ስለሚሰጡን፣ ተማሪው ከመሣሉ በፊት በሚገባ ማሰብ ነበረበት። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ እንስራ አስቀምጥና እርሳስ ሳይነሣ እጠይቃለሁ። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የትኛው ጎን ይጨልማል? ዳሞታ ተራራ ከደጃችን ባሕር ዛፍ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በወረቀታችሁ ላይ ለምን ያንሳል? አማርኛው ሲያስቸግራቸው በወላይትኛ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ያስረዱኛል፤ በመጨረሻ ይሥላሉ። የሣለ ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ለምን እንዲያ እንደሣለ ይጠየቃል። ምላሽ ካጣ ያርማል፤ ምላሽ ካለው የምታረመው እኔ ነኝ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል።

ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ትርፌ ዳና የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተ እናቷ ወይዘሮ አሳየሽ ከተበላ ማዶ ባለች መንደር ጥጥ እያለሙና እየፈተሉ አሳድገዋታል። ከዚያች መንደር ተምራ መምህር የሆነች ሴት አልነበረችም፤ ትርፌም የመጣችው ምስክር ወረቀቷን ይዛ ወደዚያው ልትመለስ ነበር። ክፍል ገብታ የመጀመሪያዎቹን ወራት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎቹ የእንስራው ጥላ በግራ ነው ብለው ተስማምተው ሊሥሉ እርሳስ ሲያነሡ፣ ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ፣ «ቶሎ ካልጨረሳችሁ ግን ጥላዋ ትዞራለች» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ከምሳ መልስ ስንገባ ግን ጥላው ዞሮ አገኘነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሉን ለእኔ ከማሳየቱ በፊት ለእርስዋ የማያሳይ አልነበረም።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። አንደኛ። ክቡርነትዎ ከውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ «አዲሱ የማስተማሪያ ሞዴል» የሚባለውን ስላመጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሞዴሉ ባለ አምስት ደረጃ ነበር፤ ተመልከት፣ ዝም በል፣ አስምር፣ ቅዳ፣ አስረክብ። በተለይ ሁለተኛው ደረጃ ትምህርቱን በጣም አቅልሎታል። ከሞዴሉም ጋር በግድግዳ የሚሰቀል ባለቀለም ሥዕል መጣ፤ ጣሪያው በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ቤት፣ አጠገቡ አንድ ዛፍ፣ በላይ ፀሐይ። ከሁምቦ የመጡ ተማሪዎቼ በረዶውን ለፀሐይ የተሰጣ ጥጥ ነው ብለው ተርጉመውት እንደነበር ስነግርዎ፣ «መተርጐም በሞዴሉ ውስጥ የለም» ብለውኛል።

ሁለተኛ። ሞዴሉ እንደሚሻል በሣይንስ ይረጋገጥ ብለው ተማሪዎቹን ለሁለት ስለ ከፈሉ አመሰግናለሁ። ግማሾቹ ለሞዴሉ ከተመደበ አዲስ መምህር ጋር እንዲማሩ፣ ግማሾቹ እኔ ዘንድ «በቀድሞው ልማድ» እንዲቀሩ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ሁለት ፈተና ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሥዕል ችሎታ፣ አንዱ የማመዛዘን ችሎታ። ይህን ሲወስኑ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ፍርዱ የሚገኘው ከተማሪዎቹ እጅና አእምሮ ነውና ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር።

የማመዛዘኑ ፈተና በሰኔ ተሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ የእኔዎቹ ልጆች የሞዴሉን ልጆች ጥለዋቸው ሄደዋል፤ ከሁሉም በላይ ትርፌ። ክቡርነትዎ ውጤቱን አይተው፣ «ዋናው ሥዕሉ ነው» አሉ። ለሥዕሉም ፈተና ያ በረዷማ ቤት ከግድግዳው ወርዶ በሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፣ ሁሉም እርሱን እንዲቀዳ ታዘዘ።

ተማሪዎቹ መሣል ሲጀምሩ ትርፌ እጅዋን አወጣች።

«ጌታዬ፣ ሥዕሉ ተሳስቷል» አለች። «ፀሐይዋ በቀኝ ናት። የዛፉም ጥላ በቀኝ ናት።»

እኔም ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት። የሣለው ሰው ተጣድፎ ይሁን አታሚው ተሳስቶ እንጃ፣ የዛፉ ጥላ ወደ ፀሐይዋ ተዘርግቶ ነበር።

ክቡርነትዎም፣ «ሞዴል አይሳሳትም። የተሰጠሽን ቅጂ» አሉ።

ትርፌ ተቀመጠች። ቤቱን ሣለችው፤ በረዶውን፣ የዛፉን ቅርንጫፍ፣ የፀሐይዋንም ክብ ምንም ሳታዛንፍ ሣለች። ጥላውን ግን በግራ አደረገችው። በዙሪያዋ የነበሩት የእኔዎቹ ልጆችም አይተው እንደ እርስዋ አደረጉ። በማግሥቱ ወረቀቷ ላይ «ከሞዴሉ የወጣ» የሚል በቀይ እርሳስ ተጽፎ፣ ከሥሩ ዜሮ ሰፍሮበት አገኘነው።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ከዚህ የደረሱበትን የምርምር ውጤት እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የማመዛዘኑን ፈተና ያለፉት በሥዕሉ የወደቁ፣ በሥዕሉ ያለፉት ደግሞ በማመዛዘኑ የወደቁ መሆናቸውን አስታወሱና፣ «እንግዲህ ተረጋግጧል፤ ማሰብ ሥዕልን ይጎዳል» ብለው ደመደሙ። አጠገቤ የተቀመጡት የሒሳብ መምህር ሳሉ፤ ሳል አልነበረባቸውም። እኔ ተነሥቼ፣ «ክቡር ሆይ፣ ልጆቹ የወደቁት ትክክል ስለሣሉ እኮ ነው» ስል፣ አጀንዳው ተዘግቷል ተብዬ ተቀመጥሁ።

ስለ ቸርነትዎ ደግሞ የሚገባውን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ጥላውን ያዛወሩት ተማሪዎች በቢሮዎ አንድ በአንድ እየተጠሩ እንደ ሞዴሉ አድርገው ድጋሚ እንዲሥሉና እንዲያልፉ ፈቅደዋል። ሌሎቹ ሣሉ፤ ምስክር ወረቀታቸውንም ይዘው ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም፤ የሚጠብቃቸው ቤተ ሰብ አለ። ትርፌ በተጠራች ቀን እናቷ ወይዘሮ አሳየሽ ከተበላ በእግራቸው መጥተው ደጅ ቆመው ነበር። ነገሩ ሲነገራቸው ወደ ልጃቸው ተጠግተው በወላይትኛ፣ «ልጄ፣ የወረቀት ጥላ ነው፤ ማንንም አያጨልምም። ሣይላቸውና ወደ ቤታችን እንሂድ» አሏት።

ትርፌ ገብታ ከጠረጴዛዎ ፊት ተቀመጠች። እርሳሱን አነሣች። እኔ በተከፈተው መስኮት በኩል እመለከታት ነበር። «ጌታዬ፣ ነገ የማስተምራቸው ልጆች ለምን ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» ብላ ጠየቀችዎ።

«ልጆች አይጠይቁም» አሉ።

ትርፌ እርሳሱን መልሳ አኖረች። ደወል እስኪደወል ተቀምጣ፣ ነጩን ወረቀት እንደ ነጣ አስረከበችዎ። ስትወጣ እናቷ ቀና ብለው ፊቷን አዩና ነጠላቸውን አከናነቧት። የጋሞን አቅጣጫ ይዘው ወደ ተበላ ቁልቁል ሲሄዱ እስኪሰወሩ ድረስ ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ብዙ ተማሪ ሸኝቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ሽኝት ግን አላውቅም። በበነጋው ክፍል ገብቼ እንስራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና የምጠይቀው ጥያቄ ጠፋኝ።

ሦስተኛ። በኅዳር ከጠቅላይ ግዛቱ እንግዶች በመጡ ጊዜ ስላዘጋጁት የሥዕል ትርኢት አመሰግናለሁ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር በዚያው በረዷማ ቤት ተሸፈነ። ሁሉም እንደ ማኅተም አንድ ዓይነት ስለነበሩ ግን ከፊት ለፊት የሚሰቀል፣ ዓይን የሚይዝ አንድ ሥዕል ጠፋ። ክቡርነትዎ መፍትሔ አላጡም። ዜሮ ከተሰጣቸው ወረቀቶች መካከል የትርፌን አወጡ። በግራ ያለው ጥላ በምላጭ ተፋቀ፤ በቀኝ አዲስ ጥላ ተሣለ፤ ቀዩ እርሳስም ተፋቀ፤ መስተዋት ገባለት፤ ከሥሩም «የአዲሱ ሞዴል ፍሬ» ተብሎ ተጻፈ።

ቀኑ የሶዶ ገበያ ቀን ነበር። ትርፌ ከእናቷ ጋር ፈትል ሸጣ ስትመለስ የቀድሞ ጓደኞቿን ለማየት ጎራ ብላ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ነበር። ከእንግዶቹ ታላቁ ሥዕሉን አድንቀው ማን እንደሣለው ሲጠይቁ፣ ክቡርነትዎ፣ «አንዲት የእኛ ተማሪ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ፣ እኔ ሠዓሊዋ እነኋት ብዬ አሳየኋቸው። ይህን በማድረጌ የቀረበብኝን ክስ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን አሳያት ነበር።

እንግዳው በፈገግታ፣ «ነይ የኔ ልጅ። ይህን የሣልሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

ትርፌ ቅርጫቷን ከመሬት አኑራ ቀረበች። ብዙ አየችው። ዓይኗ ከዛፉ ወደ ፀሐይዋ፣ ከፀሐይዋ ወደ ጥላው ሲሄድ ተከተልሁት።

«አይደለሁም» አለች። «ቤቱን እኔ ነኝ። ዛፉንም እኔ ነኝ። ጥላዋ ግን የእኔ አይደለችም። የእኔ በዚያ በኩል ነበረች፤ ተፍቃለች።»

እንግዳው ጎንበስ ብለው በመስተዋቱ ውስጥ የተፋቀውን ቦታ አዩ። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ሣቅ ብለው፣ «የገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ገና ነው። ጥላው ነው የሚባለው የኔ ልጅ፣ ጥላዋ አይባልም» ብለው አረሟት።

ስለዚህ እርማት በተለይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በዚያ ግድግዳ ላይ ስለ ነበረው ጥላ ያረሙት ነገር ይህ ብቻ ነውና።

ትርፌ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ ጌታዬ፤ ጥላው» አለች፤ ቅርጫቷንም አንሥታ ወጣች። እንግዳው ወደ እኔ ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ምሳ ሄዱ። የምሳው ዝግጅት እጅግ ያማረ እንደነበር የበሉ ሰዎች ነግረውኛል። ገና ሳይገባ የዝውውሬ ትእዛዝ ደረሰኝ።

ተራ ቁጥሩን ከዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ የሚቀጥለው ምስጋና ሊቆጠር የሚችል አይደለም።

ተበላ እንደ ወረድሁ ትርፌን አገኘኋት። እንደ ጠበቅሁት ቤት ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አልነበረም። የመንደሯ ክርስቲያኖች ከእሑድ ወዲያ ባዶውን የሚውለውን የጸሎት ቤት ሰጥተዋት፣ ትምህርት ቤት ያልደረሳቸውን ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች። ደመወዝ የላትም፤ ወላጆቹ በቆሎም ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥርም ያመጡላታል። ፊደሉን በከሰል ጣውላ ላይ ትጽፋለች፤ ሥዕሉን ልጆቹ ደጅ ወጥተው አሸዋ ላይ ይሥላሉ። አንድ ቀን ሄጄ አጥር ጥግ ቆሜ ሰማሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ፍየል ሥላ አራቱንም እግሮች በአንድ ጎን ደርድራቸዋለች። ትርፌ አልሳቀችባትም፣ አላረመቻትምም፤ «ይህች ፍየል ብትነሣ ወዴት የምትወድቅ ይመስልሻል?» አለቻት። ልጅቱ ብዙ አሰበች። ከዚያ ሄዳ እውነተኛውን ፍየል ዙሪያውን እየዞረች አየችና ተመልሳ አሸዋውን በእጇ አብሳ እንደገና ጀመረች። ልጆቹ ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማል። በእኔ ዕድሜ ላለ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ የለም፤ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ጥቂት አለቀስሁ፤ ወባዋም ታስለቅሳለች፣ በእርስዋ ላይ ላሳብብ።

ከፋሲካ በኋላ ክቡርነትዎ የፈረሙበት ሰርኩላር መጣ። ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ልጆች ሰብስቦ ማስተማር አይፈቀድለትም፤ «በተለይም በሥዕል ትምህርት የወደቁ» ይላል። በዚህ ወረዳ በሥዕል ወድቆ የሚያስተምር ሰው ከአንዲት በቀር ስለሌለ፣ ስሟን ሳይጠቅሱ ያከበሯትን አክብሮት ሁላችንም ተረድተናል። የወረዳው ዘበኛ መጥቶ በሩን ሲቆልፍ ትርፌ ራሷ ከሰሉን ከጣውላው ላይ አጠበች። ልጆቹን ወደየቤታችሁ ሂዱ አለቻቸው። ስትቆጣ ወይም ስታለቅስ ያየ የለም። በማግሥቱ ግን ልጆቹ በዓል ነበር መስሏቸው ማልደው መጥተው በተዘጋው በር ፊት ተደርድረው ተቀመጡ፤ በሣልስቱም መጡ። እርስዋ አሁን ከቤት አትወጣም። ወይዘሮ አሳየሽ ሲያገኙኝ፣ «መምህር፣ ያኔ ሣይላቸው ብዬአት ነበር። አሁን እንኳ ብትሥልላቸው ምስክር ወረቀቷን ይሰጧት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው የተጠየቀው እርስዎን ስለሆነ እንደ አደራ አድርሼዋለሁ።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። እኔን ወደ ሶዶ ይመልሱኝ አልልም፤ ከወባዋ ጋር ተላምደናል። ያን ሥዕል ከግድግዳ ያውርዱት አልልም። ይቅርታ እንዲጠይቋትም አልመኝም፤ አምስት ደረጃ ሊያስፈልገው ይችላልና ጊዜዎን ይወስዳል። የጸሎት ቤቱን በር ብቻ ያስከፍቱልን። በማመዛዘኑ ፈተና ከሁሉ የበለጠችበት ወረቀት በመሥሪያ ቤትዎ አለ፤ ወረቀቱ ለመምህርነት አይበቃም ካሉም፣ ዜሮ የሰጡትን ሥዕል ለእንግዳ ለማሳየት የበቃ ነው ያሉት እርስዎ መሆንዎን በትሕትና አስታውሳለሁ።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ማዕረግዎ ከፍ ይበል፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፤ ከሚፈርሙበትም ብዕር ቀለም አይጥፋ እያልሁ፣ ከቆላው ሙቀት በተረፈኝ ትንፋሽ ለጥ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በእርስዎ ቸርነት የተዛወረ፣
ደገፉ ቦልቴ
የሥዕል መምህር፣ ተበላ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ በትርፌ ፈንታ በሞዴሉ የሠለጠነ፣ በሥዕል ሙሉ ማርክ ያገኘ መምህር ልከውልን በጭነት መኪና ደረሰ። በሩ ተከፈተለት፤ ልጆቹም ገብተው ተቀመጡ። ወጣቱ ጨዋ ነው፤ ግድግዳውን ዙሪያውን ካየ በኋላ የሚቀዳው ሥዕል የት እንዳለ ጠየቀን። እንዳልመጣ ብንነግረው፣ ያለዚያ ምን እንደሚደረግ አልተማርሁም ብሎ በዚያችው መኪና ወደ ሶዶ ተመለሰ። ልጆቹ እስካሁን ተቀምጠዋል። እባክዎ ሥዕሉን ወይም መምህር ይላኩልን፤ ሁለቱንም ለመላክ በጀት ከሌለዎ፣ ልጆቹን ብጠይቃቸው መምህር ይሻለናል ብለዋል። ልጆች እንደማይጠይቁ አውቃለሁ፤ ሲጠየቁ ግን ይመልሳሉ።